ውሃው ፈላ የሚለው ኮምፒውተር

ቁልፌ በቤቴ በር ውስጥ ተሰብሮ ግማሹ እጄ ላይ የቀረ ዕለት ነው ቁልፍ ቀራጩን መጀመሪያ ያየሁት። ሱቁ ሱቅ ለመባልም አይበቃም። በመድኃኒት ቤቱና በጫማ መሸጫው መካከል ባለች ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ መቅረጫ ማሽንና ግድግዳ ሙሉ ቁልፍ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ከኮታቸው ኪስ ቁልፍ አወጡና፣ ትናንት ያቋረጡትን ወሬ እንደሚቀጥል ሰው፣ «ይኸው ዛሬም እምቢ አለኝ» አሉት።

ቁልፍ ቀራጩ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው። «ጥርሱ ትንሽ አምጿል አባባ» አለና ሞረዱን አነሳ። እኔ በጎን በኩል ስለቆምኩ ሽማግሌው ሊያዩት የማይችሉትን አየሁ። ሞረዱ ቁልፉን አይነካም ነበር። የሚፈገፍገው የጠረጴዛውን ጠርዝ ነው። ድምፁ ግን ትክክለኛ የመሞረድ ድምፅ ነው። ሲጨርስ ቁልፉን እፍ አለበት፣ በጨርቅ ጠረገው፣ «በሉ አብረን እንሞክረው» አለ። እኔን ደግሞ «እህቴ፣ ሱቁን አንዴ በዓይንሽ» ብሎኝ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሽማግሌው ወደ አረንጓዴው በር ሲያመሩ፣ እሱ ስለ አየሩ እያወራ ቀስ አድርጎ ወደሚቀጥለው በር አዞራቸው። ቁልፉ ገባ፣ በሩ ተከፈተ።

ሲመለስ «ቁልፉ ምንም አልሆነም፣ አይደል?» አልኩት።

«ቁልፉ ደህና ነው። የሚረሱት በሩን ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«አንዴ ነግሬያቸው ነበር። ያን ቀን ቤታቸው መግባት አፍረው እዚህ ወንበር ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ እኔም እሞርዳለሁ፣ እሳቸውም ይገባሉ።»

በልቤ ተመስገን አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ቁልፍ መሰበሩ ምንም አይደል።

የኔን ቁልፍ ሲሰጠኝ ሁለት አድርጎ ነው። «አንድ ነው ያዘዝኩት» ብለው «እኔ ጋ አንድ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለተኛው ምርቃት ነው» አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሁለቴ እያለ ነው የሚጠራው። መነጽር ሁለት አለው፤ አንዱን አድርጎ አንዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ጃንጥላም ሁለት ይዞ ነው የሚወጣው፣ በጠራራ ፀሐይም። ደህና ዋሉ ብሎ ሸኝቶ፣ ጥቂት እንደተራመዱ ጠርቶ ደህና ዋሉ ይላል። ሚስቱ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የላከችውን ነገር ሁለት ጊዜ እሺ ብሎ ሁለት ጊዜ ይረሳዋል።

ልሄድ ስል ብብቴ ስር ያለውን መጽሐፍ አየ። ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁት የኮምፒውተር መማሪያ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ትንሽ ነገር ያወቅሁት ፈጣሪ ይመስገን እንዲሁ በማንበብ ነው።

«ስለ ኮምፒውተር ነው?» አለኝ፣ አንገቱ ላይ የነበረውን መነጽር በሌላው ላይ ደርቦ።

«ነው። ግን ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።»

«እኛ ቤት ሽፋኑንም የጨረሰ የለም። እህቴ፣ አንቺን ፈጣሪ ነው የላከሽ። ቁጭ በይ።»

ሽማግሌው ያን ቀን በዋሉበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጣጣውን ነገረኝ።

ሁለቴ የሚኖረው ከሚስቱና ከሚስቱ እናት ጋር ነው። ሚስቱ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ታጥፋለች። የሚስቱን እናት ቤቱ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። የእማማ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። በሕይወት ሳሉ፣ ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የተገዛ ሰሞን፣ ሚስቱ ድምፅ መቅጃውን ለመሞከር «አባዬ፣ እስቲ አንድ ነገር ተናገር» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ተናገሩ። ያቺ ናት ከድምፃቸው የቀረችው።

«ምን አሉ?» አልኩት። ምክር ወይም ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«‹ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ? እኔ ምን እንድል ነው የምትፈልጉት? በሉ ውሃው ፈላ። አንድ ሰው ተነስቶ ያውርደው። ሰው የለም እዚህ ቤት?›»

«በቃ?»

«በቃ።»

እማማ ይህን ሳይሰሙ የዋሉበት ቀን የለም። ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ይጥዱና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ባላቸው «ሰው የለም እዚህ ቤት?» ሲሉ «አለሁ፣ አለሁ፣ ምን ያስጮህሃል» ብለው ይነሳሉ፤ ውሃውን ያወርዳሉ፤ ሻያቸውን ይጠጣሉ። በዚህ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር። ችግሩ ኮምፒውተሩ ማርጀቱ ነው። የተጫነበት ሲስተም ከብዶታል፤ ለመነሳት ራሱ ያቃስታል። ይባስ ብሎ በቅርቡ ንግግሩን መሐል ላይ ማቆም ጀመረ። ሟቹ «በሉ ውሃው…» ይሉና ዝም። እማማ ደግሞ ባላቸው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አይነሱም። በሕይወት ሳሉም አቋርጠዋቸው አያውቁም።

«ውሃውስ?» አልኩ።

«ውሃው ይፈላል፣ ያልቃል፣ ማንቆርቆሪያው ይቀላል። አንዱ ቀለጠ። ደግነቱ ሁለት ነበረን። ሁለተኛውም ቂጡ ጠቁሯል። ሚስቴ ወይ ኮምፒውተሩ ይስተካከል ወይ ቤቱን አብረን እናቃጥለው ብላለች።»

«ድምፁን ስልክህ ላይ ገልብጠህ ለምን አታሰማቸውም?»

በሐዘን አየኝ። እኔ ሁለቴ የምባል ሰው ይህ ይጠፋኛል ወይ ማለቱ ነው። ከጀርባው ካለው የቁልፍ ግድግዳ ላይ ጣቱን እያንቀሳቀሰ አሳየኝ። በቁልፎቹ መካከል፣ በየሚስማሩ ላይ፣ ፍላሾች ተንጠልጥለዋል። ሁሉም ላይ ውሃው ፈላ የሚል ድምፅ አለ። ስልኩም ላይ አለ፣ የሚስቱም ስልክ ላይ አለ። እማማ ግን ከስልክ ሲሰሙት ፊታቸው ጠቆረ። «ይህ ማነው?» አሉ። «ባሌን የሚያስመስል ሰው ከየት አመጣችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩ ስፒከር ውስጡ ላልቷል፤ «ፈላ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጥርርር ይላል። እማማ ደግሞ ያንን ባላቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው ይላሉ። ስልኩ ላይ ጥርርር የለም። «ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናግሮ አያውቅም» አሉ፤ ክርክሩ አለቀ። ስለዚህ ሌላ ኮምፒውተር ማምጣትም አይታሰብም። ያው አሮጌው ሣጥን መዳን አለበት።

መፍትሔውን ያመጣው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። እሱ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ይጠቀማል፤ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የገባ ሰው ስለ ሊኑክስ ሳይሰማ አይወጣም። ቀላል ነው፣ አሮጌ ማሽን ያስሮጣል፣ ነፃ ነው ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ሁለቴ ልቡ አምኗል። ሚስቱ ግን አላየሁትም፣ አላውቀውም፣ ቤቴ አይገባም ብላለች። እማማ ደግሞ ሄደን ራሴ ልየው ብለዋል።

«ነይና አብረሽን እይው» አለኝ። «አንቺ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነሽ።»

እማማንና ሚስቱን ይዘን ሄድን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሞቀ ወረቀት ይሸታል። እማማ ለደንበኛ ከተቀመጠው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰውየውን ይጠይቁት ጀመር።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከየትም አይደለም እማማ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ነው።»

«ዘመዳሞች ናቸው?»

«አብዛኞቹ አይተዋወቁም።»

«ሳይተዋወቁ ተስማሙ?»

«ኧረ አይስማሙም! ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። ግን ይሠራሉ።»

«ከዚያስ? ይሸጡታል?»

«በነፃ ይሰጣሉ።»

እማማ ቦርሳቸውን አነሱ። «ተነሱ እንሂድ።»

«ምነው እማዬ?» አለች ልጃቸው።

«ሳይተዋወቅ፣ ሲጨቃጨቅ ውሎ፣ ደክሞ ሠርቶ፣ በነፃ የሚሰጥ ሰው ጤነኛ ነው? አንድ የሚፈልገው ነገር አለው።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ያን የሠሩትን ሰዎች ስማቸውን ባላውቅም፣ ከመጽሐፌ ስለነሱ ካነበብኩ ጀምሮ በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ። «እማማ» አልኩ፣ «የሆስፒታሉ በር ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍ ያውቁታል? ሕመምተኛው ሁሉ ጥላው ስር ነው የሚያርፈው። ማን እንደተከለው ያውቃሉ?»

«አሳምሬ። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

የሚቀጥለውን ንግግሬን ያዘጋጀሁት አላውቀውም ይላሉ ብዬ ነበር። የሁለቴ ሚስት ፊቷን ወደ ፎቶ ኮፒው ማሽን አዙራ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ለ… ለምን ተከሉት?» አልኩ እንደምንም።

«ለምን እተክለዋለሁ? ፀሐይ በዛ ብዬ ነዋ! ልጄን ሥራዋ ልጠይቅ ስሄድ ሰው ሁሉ ሲቃጠል አየሁ፣ ተከልኩ።»

«ማን ከፈለዎት?»

«ማን ይከፍለኛል?» አሉ። ቦርሳቸውን ትንሽ አሻሹት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲህ እነሱም ፀሐይ በዝቶባቸው ይሆናል» አሉ። «ቀጥል አንተ።»

ሰውየው በደስታ ጥቁር ነገር ስክሪኑ ላይ ከፈተና የይለፍ ቃሉን መምታት ጀመረ። ጣቱ ይሮጣል፣ ስክሪኑ ላይ ግን አንድም ፊደል አይወጣም።

«ተበላሸብህ» አለች የሁለቴ ሚስት።

«አልተበላሸም። የይለፍ ቃል ሲጻፍ አይታይም። ግን ይደርሳል።»

«ጸሎትም እንዲያ ነው» አሉ እማማ፣ ደስ እያላቸው።

«ሌባም እንዲያ ነው» አለች ልጃቸው።

ሁለቴን እስከዚያ ድረስ ያስጨነቀው ጥያቄ ሌላ ነበር። «ሁለቱም አብረው አይኖሩም?» አለ። «አሮጌውም አዲሱም? በአንድ ሣጥን?»

«በሌላ ማሽን ይቻላል። ያንተ ዲስክ ግን ትንሽ ናት፣ እሷም ሞልታለች። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።»

የሁለቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ መለዋወጫ የሌለው ነገር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። «አንድ ብቻ?» አለ። ቆይቶም ደገመው፣ «አንድ ብቻ?»

ሰውየው አዘነለትና ሲስተሙን በፍላሽ ሰጠው። ሳይጭኑት፣ ከፍላሹ ላይ እንዳለ አስነስተው መሞከር ይቻላል፤ አሮጌው አይነካም። ካልወደዱት ፍላሹን መንቀል ነው። ሁለቴ ይህን ሲሰማ ነፍሱ ተመለሰች። ፍላሹንም በዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት አስደረገው።

በማግስቱ ከሰዓት ቤታቸው ተሰበሰብን። ኮምፒውተሩ ሳሎኑ ጥግ፣ ከሆስፒታል በተጣለ አንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ አንሶላው ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ የታጠፈ ነው፣ የሚስቱ እጅ ያስታውቃል። ከመጋረጃው ወዲያ ማእድ ቤቱ ነው። እማማ ማንቆርቆሪያውን ጣዱና ቦታቸው ተቀመጡ። ሁለቴ ፍላሹን ሰካ። ኮምፒውተሩ ሳያቃስት ተነሳ። ሁላችንም ተያየን። የሟቹን ድምፅ ፈልጎ አገኘው፣ ተጫነው።

ምንም የለም። መስመሯ ስክሪኑ ላይ ትሄዳለች፣ ድምፅ የለም።

«ዝም አሰኛችሁት» አሉ እማማ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«አይ እማማ፣ ትንሽ…»

«እኔ ብናገር ባልናገር ምን ዋጋ አለኝ። ዝም አሰኛችሁት።»

ከማእድ ቤት ውሃው መንሾካሾክ ጀምሯል። ሁለቴ ፍላሹን ነቅሎ ሁለተኛውን ሰካ፤ ያው ዝምታ ነው። እኔ መጽሐፌን እየገለጥኩ ነው፤ የድምፅ ነገር ያለው ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ አልደረስኩም። ውሃው መንፈቅፈቅ ጀመረ። ማንም ሊያወርደው አልተነሳም፣ ምክንያቱም ማንም አልታዘዘም። በመጨረሻ እጇን አጣጥፋ የቆመችው ሚስቱ መጥታ ሁለቴን በትከሻዋ ገፋችው። «ይቺ የስፒከር ምልክት ላይ ያለችው መስቀለኛ ምንድን ናት? ተዘግቷል ማለት አይደለም?» አለችና ማውሱን ነካችው።

«…ውሃው ፈላ!» አለ ሣጥኑ፣ ቤቱ እስኪናወጥ። ጥርርር። «አንድ ሰው ተነስቶ ያውርደው። ሰው የለም እዚህ ቤት?»

«አለሁ፣ አለሁ!» እማማ ተነስተው ሮጡ። እኔም ሳላስበው ተነስቼ ነበር።

ውሃውን አውርደው ሲመለሱ ሁላችንም ፊታቸውን እናያለን። ቁጭ አሉ። «እሱ ነው» አሉ። ሁለቴ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። «ግን ቸኮለ» አሉ እማማ።

«ቸኮለ?»

«ድሮ እያረፈ ነበር የሚናገረው። ዛሬ ምን አስቸኮለው?»

ልጃቸው አጠገባቸው ተንበረከከች። «እማዬ፣ አባዬ እኮ እንዲህ ነበር የሚናገረው። የሚጎትተው ማሽኑ ነው። ረሳሽው? ‹የአውቶቡስ አፍ› እያልሽ አልነበር የምትሰድቢው?»

እማማ አሰቡ። «ድገሙልኝ» አሉ። ደገሙላቸው። ሁለተኛው ላይ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «ፋታ የማይሰጥ ሰው ነበር። ፋታ ሰጥቶኝ አያውቅም።» መሐረባቸውን አወጡና አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ይግባ» አሉ። «ይግባ በቃ። በፍላሽ እንደ እንግዳ በር ላይ አይቁም።»

እኔ የመጣሁበት ያለቀ መስሎኝ ተመስገን ብዬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ሁለቴ ራሱ ነው፤ በዚያው ሳምንት ጃንጥላዎቹን ይዞ ደጄን አንኳኳ። ፊቱ የዛገ ቁልፍ መስሏል።

መጫኑን በደንብ ጀምረውታል። ኮምፒውተሩ ቋንቋ ጠየቃቸው፣ መለሱ። የኮምፒውተሩን ስም ጠየቃቸው፣ ሾፌሩ አሉት። የበላይ ሆኖ የሚያዝበት የይለፍ ቃል የማን ይሁን ሲባል ቤቱ ትንሽ ተጨቃጨቀ፤ በመጨረሻ ለእማማ ተሰጠ፤ እማማም ሁሉንም ፊታቸውን አዙረው በአንድ ጣት መቱ። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይስ ይቅር ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ።

«ተጫናችሁት?»

«ማን ይጫነው?»

ሚስቱ አንተ ተጫን አለችው። እሱ አባትሽ ናቸው አላት። እሷ እኔ አባቴን በገዛ ጣቴ ላጥፋ ወይ አለች። እማማ ይጫኑ ተባለ፤ እማማ እጃቸውን ከነመሐረባቸው ደበቁ።

«ግን እኮ ድምፃቸው አይጠፋም» አልኩት። «ግድግዳህ ሙሉ አይደል? ከገባ በኋላ መልሰህ ትገለብጠዋለህ።»

«እሱን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ፍላሽ አንጠልጥዬ አሳይቻቸዋለሁ፣ ሁለተኛውንም አሳይቻለሁ። ግን ‹ሁሉ ይጠፋል› ብሎ ጽፏል እህቴ። እማማ ጽሑፉን አነበቡት። ማንበባቸው ነው ጣጣው።»

ይኸው ስክሪኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየጠየቀ ነው። ማንም በስህተት እንዳይነካ ማውሱ ላይ ድስት ደፍተውበታል። ኪቦርዱ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተከድኗል። ሚስቱ ሳሎኑን የምታጸዳው ትንፋሿን ይዛ ነው። ጎረቤት ሲመጣ ማእድ ቤት ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ያስቃል፣ እሱም እየነገረኝ ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን አቆመ።

«እማማ ሻይ ትተዋል» አለኝ። «ውሃ አይጥዱም። ማን ይነግረኛል ይላሉ። ከሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡና ድስቱን ያያሉ። ትናንት ምሳም እምቢ አሉ።»

«ታዲያ ለምን ‹ይቅር› የሚለውን ተጭናችሁ ወደ አሮጌው አትመለሱም? በፍላሹም ቢሆን ይሰሙታል።»

«እሱንም የሚጫን ጠፋ። ማን ነው ሟቹን ወደ አሮጌው መልሶ ንግግራቸውን መሐል ላይ የሚያስቆርጣቸው? ወደፊትም ፈራን፣ ወደኋላም ፈራን።» ሁለቱንም መነጽር አወለቀ። ያለ መነጽር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «ዛሬ ጠዋት እማማ ራሳቸው ጠሩኝ። ‹እኔ ሳስበው› አሉኝ፣ ‹አንተ ብትጫነውና አንድ ነገር ቢሆን፣ አማቼ ባሌን አጠፋብኝ እያልኩ ከአንድ ማዕድ መብላቴ ነው። ልጄ ብትጫነው ደግሞ የባሰ ነው። ያቺ መጽሐፍ የያዘችው ሴትዮ ግን አትወለደንም። ቢበላሽ እሷን አንድ ሳምንት ተቀይሜ ይወጣልኛል። ጥሩ ሰው ትመስላለች፣ ትችለዋለች።› እንዲህ ነው ያሉት፣ አልጨመርኩም።»

«እኔ እኮ ገና አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ» አልኩት።

«ማንበብ አይጠይቅም። አንድ ጣት ነው።» አንዱን ጃንጥላ አቀበለኝ፤ ውጪ ዝናብም ፀሐይም የለም። «እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ ምሳቸውን ሳይተዉ ድረሺልን። ነይና አንቺ ተጫኚው።»